ከሃቫና እስከ ኒውዮርክ፦ የስደተኛዋ የሙዚቃ ደራሲ የታኒያ ሌዮን የሥራ ጉዞ

እ.ኤ.አ በሰኔ ወር 2021 ይፋ የተደረገው የዚያ ዓመት የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ለትውልደ ኩባዊቷ የሙዚቃ ደራሲና የኦርኬስትራ መሪ ለታኒያ ሌዮን ተሰጥቷል። በአሜሪካ ለሙዚቃ ደራሲያን ከሚሰጡት ሽልማቶች መካከል ከፍተኛ ክብር ካላቸው አንዱ የሆነው ይህ ሽልማት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ በ1943 ነው። ተሸላሚዋ የተወለዱትም በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ሽልማቱን ሲቀበሉ ዕድሜያቸው 78፣ ወደ አሜሪካ በስደት ከገቡ ደግሞ 54 ዓመት ሞልቷቸው ነበር።

የታኒያ ሌዮን የሥራ ታሪክ ትኩረት የሚስበው ግን በሽልማቱ ብቻ አይደለም። የተሰማሩበት ሙያ ገበያ ብቻውን የማይሸከመው፣ ያለ ተቋማት ድጋፍ ሊኖር የማይችል ዘርፍ ነው። አንዲት የአገሩን ቋንቋ በወጉ የማታውቅ ወጣት ስደተኛ በእንዲህ ያለ ዘርፍ እንዴት ቦታ አገኘች፣ ቦታውን ካገኘች በኋላስ ምን አደረገችበት የሚለው ጥያቄ ከሙዚቃ አፍቃሪዎች ይልቅ ምናልባት የመንግሥትና የሕዝብ ተቋማትን የሚመሩ ወገኖችን ይበልጥ የሚመለከት ነው።

ክላሲካል ሙዚቃ ሲነሳ የአብዛኛው ሰው ሐሳብ ወደ ሞዛርትና ቤትሆቨን ይሄዳል። እነዚህ ደራሲያን ካለፉ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቢሆንም የታላላቅ ኦርኬስትራዎች መርሐ ግብር ዛሬም በአመዛኙ የተያዘው በእነሱና በመሰሎቻቸው ሥራዎች ነው። የዘመናችን ክላሲካል ሙዚቃ የሚባለው ደግሞ በሕይወት ያሉ ወይም በቅርቡ ያለፉ ደራሲያን ለኦርኬስትራ፣ ለመዘምራን ኅብረት፣ ለኦፔራ መድረክና ለትናንሽ የመሣሪያ ቡድኖች በኖታ የሚጽፉት ሙዚቃ ነው።

የዚህ ሙዚቃ አሠራር ከዘፈን ገበያው በእጅጉ ይለያል። ለኦርኬስትራ የሚሆን የ15 ደቂቃ ሥራ ለመጻፍ ወራት ይፈጃል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱ ኖታ ተለይቶ ይዘጋጃል፣ በርካታ ሙዚቀኞች ተሰብስበው ይለማመዱታል፣ አዳራሽም ይያዝለታል። ይህን ሁሉ ወጪ የመግቢያ ትኬት ሽያጭ አይሸፍነውም። በመሆኑም ሥራው የሚጀመረው አንድ ኦርኬስትራ፣ ፌስቲቫል ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት ለደራሲው ክፍያ ቆርጦ አዲስ ሥራ እንዲጽፍ ሲያዘው ነው። ለማን ይታዘዝ የሚለውን የሚወስኑት እጅግ ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ፣ ታዝዞ ከተጻፈውም ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተደምጦ መደርደሪያ ላይ የሚቀረው ቀላል አይደለም። ለሴቶች በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ ለመረዳት የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማትን መመልከት ይበቃል። ሽልማቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴት የተሰጠው ከተጀመረ ከ40 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1983 ለኤለን ታፍ ዝዊሊች ነበር።

ታኒያ ሌዮን የተወለዱት እ.ኤ.አ ግንቦት 14 ቀን 1943 በኩባ ርዕሰ ከተማ በሃቫና ነው። የቤተሰባቸው የዘር ሐረግ ከአፍሪካ፣ ከስፔን፣ ከፈረንሳይና ከቻይና የሚመዘዝ ሲሆን ኑሯቸው የድሃ ኑሮ ነበር። ተሰጥኦአቸውን አስቀድመው ያስተዋሉት አያታቸው ናቸው። ሕፃኗ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር የሰማችውን ዜማ ሳትስት ስታዜምና ስትወዛወዝ የተመለከቱት አያት ገና በአራት ዓመቷ ወደ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወሰዷት። ዕድሜዋ አልደረሰም ቢባሉም አሻፈረኝ ብለው አስመዘገቧት። አምስት ዓመት ሲሆናት ወንድ አያቷ ፒያኖ ገዙላት። ድሃ ቤተሰብ ፒያኖ ሲገዛ ከጌጥ ያለፈ ነገር አስቦ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የቤተሰቡ ተስፋ ልጅቷ በፒያኖዋ ከድህነት እንድታወጣቸው ነበር።

ልጅቷ ግን ሌላ ሕልም ነበራት። የፒያኖ መምህሯ ወደ ፈረንሳይ ሄደው የኤፍል ማማ ምስል ያለበት የፖስታ ካርድ ሲልኩላት ፓሪስ ሄጄ እኖራለሁ ብላ ለቤተሰቧ አስታወቀች። በሃቫና በሚገኘው የካርሎስ አልፍሬዶ ፔይሬያዴ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት ታኒያ ለፓሪስ ሕልማቸው መንገድ የከፈተላቸው እ.ኤ.አ ከታኅሣሥ 1965 ጀምሮ በኩባና በአሜሪካ መንግሥታት ስምምነት ከቫራዴሮ ወደ ማያሚ ይደረግ የነበረው በረራ ነበር። እስከ 1973 በቆየው በዚህ በረራ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ኩባውያን አገራቸውን ለቀው ወጥተዋል። የ24 ዓመቷ ፒያኒስት እ.ኤ.አ በግንቦት ወር 1967 ከእነዚሁ ተጓዦች አንዷ ሆኑ። አሜሪካ ለእሳቸው መሸጋገሪያ እንጂ መድረሻ አልነበረችም።

በወቅቱ በነበረው አሠራር ግን ከኩባ በዚህ መንገድ የወጣ ዜጋ ንብረቱን ትቶ የሚሄድ ሲሆን ተመልሶ መግባትም አይፈቀድለትም ነበር። ወደ ፓሪስ የመቀጠሉም ጉዳይ አልተሳካም። በሌላ በኩል የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ1966 ያወጣው ሕግ ኩባውያን በአገሪቱ ለተወሰነ ጊዜ ከቆዩ በኋላ የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ እንዲጠይቁ ያስችል ነበር። ብዙ ስደተኛ ከያኒያን ወረቀት በመጠበቅ ምርጥ ዓመታቸውን እንደሚያጡ ሲታሰብ ይህ ሕግ ለታኒያ ሌዮን የሰጣቸው ጥቅም ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይደለም። ከማያሚ ወደ ኒውዮርክ ተሻግረው በኒውዮርክ የሙዚቃ ኮሌጅ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኙ። ኮሌጁ ብዙም ሳይቆይ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመዋሐዱ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ በ1971፣ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በ1975 ያገኙት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የድርሰት መምህራቸው ኡርሱላ ማምሎክ በበርሊን ተወልደው እ.ኤ.አ በ1939 ከናዚ አገዛዝ ሸሽተው መጀመሪያ ወደ ኢኳዶር፣ ቀጥሎም ወደ ኒውዮርክ የተሰደዱ አይሁዳዊት የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። የኦርኬስትራ አመራር ያስተማሯቸው ላዝሎ ሃላዝ ከሃንጋሪ የመጡ ናቸው። በኋላ ብሩክሊን ላይ ሥራ የሰጧቸው ሉካስ ፎስም እንዲሁ በርሊን ተወልደው በልጅነታቸው የተሰደዱ ነበሩ። አዲሲቱን ስደተኛ ተቀብለው ለሙያ ያበቋት ቀደም ሲል የመጡ ስደተኞች ነበሩ ማለት ይቻላል።

የሥራ ሕይወታቸውን አቅጣጫ የቀየረው አጋጣሚ የመጣው ግን ከትምህርት ክፍል ውጭ ነው። አንዲት ጓደኛቸው በመታመሟ እሷን ተክተው በሐርለም ለባሌት ዳንስ ትምህርት ፒያኖ እንዲያጅቡ ተጠየቁ። በዚያ ያገኟቸው ሰው አርተር ሚቼል ነበሩ። ሚቼል በኒውዮርክ ሲቲ ባሌት የመሪ ዳንሰኝነት ደረጃ ላይ የደረሱ የመጀመሪያው ጥቁር ዳንሰኛ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ በሚያዝያ 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ ተወልደው ባደጉበት በሐርለም ለጥቁር ልጆች የባሌት ትምህርት ቤት ለመክፈት ቆርጠው ተነስተው ነበር። እ.ኤ.አ በ1969 የሐርለም የዳንስ ቲያትር ሲመሠረት ታኒያ ሌዮን የመጀመሪያው የሙዚቃ ዳይሬክተር ሆኑ። አሜሪካ ከገቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር።

ድርሰትም የጀመሩት በዚሁ ቤት ነው። በልምምድ ወቅት ከራሳቸው አፍልቀው የሚጫወቱትን የሰሙት ሚቼል ይህን ለምን አትጽፊውም፣ ዳንሱን እኔ አዘጋጅለታለሁ አሏቸው። በዚህ መልክ እ.ኤ.አ በ1970 "ቶንስ" የተሰኘው የባሌት ሙዚቃ ተጻፈ። እ.ኤ.አ በ1971 ቡድኑ በጣሊያን ስፖሌቶ ከተማ ፌስቲቫል ላይ ሲገኝ ደግሞ ሚቼልና የፌስቲቫሉ መሥራች ጂያን ካርሎ ሜኖቲ ኦርኬስትራውን እንዲመሩ ገፋፏቸው። ከዚያ በፊት ኦርኬስትራ መርተው አያውቁም ነበር። ከጣሊያን እንደተመለሱ የኦርኬስትራ አመራር ትምህርት መከታተል የያዙ ሲሆን እ.ኤ.አ በ1978 በታንግልውድ የበጋ ትምህርት ማዕከል ከሊዮናርድ በርንስታይንና ከሴይጂ ኦዛዋ ጋር የመሥራት ዕድል አግኝተዋል። በዚያው ዘመን በብሮድዌይ ቲያትር "ዘ ዊዝ" የተባለውን ሙዚቃዊ ተውኔት መርተዋል።

ቅጥሩም ሆነ ትዕዛዙ የተገኘው ገና ከተቋቋመ ከአንድ ሰፈር ድርጅት እንጂ ከታላላቆቹ የሙዚቃ ተቋማት አለመሆኑ ሊጤን ይገባዋል። ትልልቆቹ በሮች ለእሳቸው የተከፈቱት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የሐርለሙ ቡድን ግን ሙያተኛ ያስፈልገው ስለነበር ከሙያቸው ሌላ የጠየቃቸው ነገር አልነበረም።

እ.ኤ.አ በ1977 እና በ1978 ታኒያ ሌዮን በሉካስ ፎስ ግብዣ ከሙዚቃ ደራሲያኑ ከጁልየስ ኢስትማንና ከታሊብ ራሱል ሃኪም ጋር በመሆን የብሩክሊን ፊልሃርሞኒክ የማኅበረሰብ ኮንሰርቶችን አቋቋሙ። ዓላማው ኦርኬስትራውን ከትልቁ አዳራሽ አውጥቶ ወደ ነዋሪው ሰፈር መውሰድና በሕይወት ያሉ፣ በተለይም ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ደራሲያን ሥራዎችን ማሰማት ነበር። እ.ኤ.አ በ1985 በኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በብሩክሊን ኮሌጅ መምህር ሆነው የተቀጠሩ ሲሆን በ2006 ዩኒቨርሲቲው ከፍተኛውን የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ይህ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ከጥንት ጀምሮ የስደተኞችንና የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎችን ልጆች በማስተማር የሚታወቅ ነው። ለአንድ የሙዚቃ ደራሲ ደግሞ መደበኛ ደመወዝ ማለት ትዕዛዝ በማይኖርበት ወቅትም መጻፍ መቻል ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ የሙዚቃቸው ይዘት ምን ይመስል ነበር የሚለው ለብቻው ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ) የጻፏቸው ሥራዎች በወቅቱ በዩኒቨርሲቲዎች ገኖ የነበረውን፣ ዜማን ወደ ጎን ትቶ በድምፆች ስሌታዊ አደረጃጀት ላይ የሚያተኩረውን የአጻጻፍ ስልት የተከተሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1978 የኩባ መንግሥት በውጭ ከሚኖሩ ኩባውያን ተወካዮች ጋር ካደረገው ውይይት በኋላ ለስደተኞቹ የጉብኝት ፈቃድ በመሰጠቱ ታኒያ በ1979 ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰባቸውን ለማየት ሃቫና ገቡ። ከወጡ 12 ዓመት ሆኗቸዋል። ያመጡትን የሥራዎቻቸውን ቅጂ ለአባታቸው አሰሟቸው። አባት በጥሞና ካዳመጡ በኋላ ሙዚቃው ደስ እንደሚል፣ ነገር ግን ልጃቸው በሙዚቃው ውስጥ የት እንዳለች ሊያገኟት እንዳልቻሉ ነገሯቸው። አባትየው ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ልጅም ለጥያቄው በሕይወት ሳሉ መልስ ሊሰጧቸው አልቻሉም።

መልሱ የመጣው በሥራ ነው። ከአባታቸው ሞት በኋላ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለቼሎ ብቻ የጻፏቸው አራት አጫጭር ክፍሎች ያሉት ሥራ የኩባ የዳንስ ምት በግልጽ የሚደመጥበት ነው። እ.ኤ.አ በ1985 "ባታ" የተሰኘ የኦርኬስትራ ሥራ ጻፉ። ባታ እንደ ኢትዮጵያው ከበሮ በሁለቱም ጫፍ ቆዳ የተወጠረ፣ በባርነት ወደ ኩባ የተጋዙ የዮሩባ ሕዝቦች ይዘውት የሄዱት የሃይማኖታዊ ሥነ ሥርዓት ከበሮ ነው። እ.ኤ.አ በ1988 ለፒያኖና ለኦርኬስትራ የተጻፈው "ካቢዮሲሌ" ስያሜውን ያገኘው የዮሩባው የመብረቅ አምላክ ቻንጎ ከሚወደስበት ሰላምታ ሲሆን፣ በ1991 የቀረበው "ኢንዲሄና" ውስጥ ደግሞ መለከቱ የሃቫናን የካርኒቫል ሰልፍ የሚያስታውስ ድምፅ ያሰማል።

ይሁንና ነገሩ የአገር ቤት ዜማን በኦርኬስትራ ማስጌጥ ብቻ እንዳይመስል ማስረዳት ያስፈልጋል። የኩባ ሙዚቃ መሠረት ክላቬ የሚባለው ምት ነው። ሁለት ትናንሽ እንጨቶች ተጋጭተው ሦስትና ሁለት፣ ወይም ሁለትና ሦስት እየሆኑ የሚያሰሟቸው አምስት ምቶች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ተጫዋቾች በሙሉ በእነዚህ ምቶች ዙሪያ ይጓዛሉ። ችግሩ በአውሮፓ ሥርዓት የሠለጠነ ሙዚቀኛ ኖታውን እንደተጻፈ እኩል እኩል አድርጎ ሲያነበው ምቱ ሕይወት ማጣቱ ነው። የሃቫና ከበሮ መቺ ያለ ኖታ በደሙ የሚያውቀውን መንገዳገድና መቅደም መዘግየት የለንደን ወይም የሃምቡርግ ቫዮሊን ተጫዋች ከወረቀት ላይ እንዲያገኘው ማድረግ የደራሲዋ ዋና የሙያ ፈተና ነበር። ለዚህም በየመሣሪያው መካከል ምቱን ቆራርሰው በማከፋፈል አንዱ የጀመረውን ሌላው እንዲጨርሰው ያደርጋሉ። የእሳቸው ኖታ ለተጫዋቾች አስቸጋሪ በመሆን የሚታወቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የአፍሪካና የኩባ ግንኙነት ይበልጥ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ በ1994 በሙኒክ ቢየናሌ በቀረበው ኦፔራቸው ነው። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃንስ ቨርነር ሄንዘ ለመሠረቱት ለዚህ ፌስቲቫል የተጻፈው ኦፔራ መነሻው የናይጄሪያዊው የኖቤል ተሸላሚ የወሌ ሾይንካ የሬዲዮ ድራማ ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ "የእምቦጭ መቅሠፍት" እንደ ማለት ነው። በወታደራዊ አገዛዝ ሥር ሚጌል ዶሚንጎ የተባለ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ በሚሠራ አዋጅ ተፈርዶበት ይታሰራል። የማምለጫው መንገድ ውሃ ነው። ውሃው ግን ከዳር እስከ ዳር በእምቦጭ አረም ተሸፍኖ ጀልባ አያሳልፍም። እናቱ ለውሃ እናት ለዬማንጃ የሚያቀርቡት ልመና የኦፔራው እምብርት ሲሆን፣ ይህ ክፍል በታዋቂዋ ድምፃዊት በዶውን አፕሾው ለብቻው በሸክላ ተቀርጿል።

ድራማው ከሜዳ የተፈጠረ አልነበረም። በናይጄሪያ እ.ኤ.አ በ1984 የወጣ አዋጅ አዋጁ ከመውጣቱ በፊት በተፈጸመ ወንጀል ላይ ጭምር ተፈጻሚ ሆኖ በ1985 ሦስት ወጣቶች በአደንዛዥ ዕፅ ክስ በአደባባይ በጥይት ተገድለዋል። የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ የሚከለክለው መርህ ለምን እንደሚያስፈልግ ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። እምቦጩም ቢሆን ለሾይንካ ከምሳሌ በላይ ነበር፤ በ1980ዎቹ የሌጎስን የባሕር ወሽመጥ የወረረ እውነተኛ አረም ነውና። ከ2011 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ በጣና ሐይቅ ላይ የተስፋፋውን እምቦጭ በእጅ ሲነቅሉ ለሰነበቱ የአካባቢው ነዋሪዎችና የሥራ ኃላፊዎች ጀልባ የሚያግት አበባ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የኩባዋ ተወላጅ በበኩላቸው ዬማንጃን የሚያውቋት ከመጽሐፍ አይደለም። የዮሩባ እምነት ውቅያኖስ ተሻግሮ በኩባ ሥር የሰደደ በመሆኑ የናይጄሪያው ደራሲና የሃቫናዋ ሙዚቀኛ የተገናኙት በጋራ ቅርስ ላይ ነበር። ኦፔራው በሙኒክ የምርጥ አዲስ የሙዚቃ ቲያትር ሽልማትን ያገኘ ሲሆን እ.ኤ.አ በ1999 በሮበርት ዊልሰን ዝግጅት፣ በራሳቸው በደራሲዋ መሪነት በጄኔቭ ዳግም ለመድረክ በቅቷል።

በእነዚሁ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ ከ1993 እስከ 1997፣ ታኒያ ሌዮን የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ የሙዚቃ ዳይሬክተር የነበሩት ኩርት ማዙር የአዲስ ሙዚቃ አማካሪ ሆነው አገልግለዋል። የአማካሪነት ቦታ ማለት የትኞቹ ሥራዎች ይደመጡ በሚለው ላይ ሐሳብ ማቅረብ እንጂ መወሰን አይደለም። የአገሪቱ አንጋፋ ኦርኬስትራ የእሳቸውን የራሳቸውን ሥራ አዝዞ በመድረክ ያቀረበውም አማካሪነታቸው ካበቃ ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይቶ መሆኑ ሳይጠቀስ የሚታለፍ አይደለም።

ታኒያ ሌዮን ጥቁር ደራሲ፣ ሴት ደራሲ፣ የላቲን ደራሲ የሚሉትን ቅጽሎች አጥብቀው እንደሚቃወሙ በተደጋጋሚ ተናግረዋል። በእሳቸው እምነት ቅጽሉ ሰውየውን ከዋናው መድረክ አውጥቶ ለእሱ በተለየ ቀንና ወር ብቻ እንዲታወስ ያደርገዋል። በሌላ በኩል በእነዚሁ ቅጽሎች ስም ለተገፉት ሰዎች መድረክ ለማመቻቸት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተዋል። ሁለቱ የሚጋጩ ቢመስልም ከተግባራቸው የሚታየው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ በ2010 ያቋቋሙት ኮምፖዘርስ ናው የተሰኘው ድርጅት በየዓመቱ በየካቲት ወር በኒውዮርክ የሚያካሂደው ፌስቲቫል ተሳታፊዎችን የሚመርጠው በዘር ወይም በፆታ አይደለም። መስፈርቱ ደራሲው በሕይወት መኖሩ ነው።

ፑሊትዘር ያስገኘላቸው ሥራ "ስትራይድ" ይባላል፤ ረጅም እርምጃ እንደ ማለት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 19ኛ ማሻሻያ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዳይነፈጉ የደነገገበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ለ19 ሴት ደራሲያን አዳዲስ ሥራዎችን ባዘዘበት ወቅት የተጻፈ ነው። ደራሲዋ መነሻ ያደረጉት ለመብቱ የታገሉትን የሱዛን አንቶኒን ጽናት ሲሆን፣ እርምጃውን ሲያስቡ የራሳቸው አያትና እናትም በሐሳባቸው እንደነበሩ ገልጸዋል። ይሁንና በዓሉን በደስታ ብቻ አልተቀበሉትም። እ.ኤ.አ በ1920 የጸደቀው ማሻሻያ በደቡባዊ ግዛቶች ለሚኖሩ ብዙ ጥቁር ሴቶች በተግባር ትርጉም ያገኘው የመራጮች መብት ሕግ ከወጣበት ከ1965 በኋላ ነው። ይህን በማስታወስ በሙዚቃው ውስጥ የምዕራብ አፍሪካን ምት አስገብተዋል። ሥራው በደወል ድምፅ ሲያበቃ አዳማጩ ድል ይሁን ማስጠንቀቂያ በእርግጠኝነት ለመናገር ይቸገራል።

"ስትራይድ" ለመጀመሪያ ጊዜ የተደመጠው እ.ኤ.አ የካቲት 13 ቀን 2020 በኒውዮርክ ሊንከን ማዕከል በያፕ ቫን ዝዌደን መሪነት ነበር። ከአንድ ወር በኋላ በኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ምክንያት የከተማዋ አዳራሾች በሙሉ ተዘጉ። የእርምጃው ሙዚቃ ጥቂት ሳምንታት ቢዘገይ ኖሮ በዚያ ዓመት ባልተደመጠም ነበር።

ከፑሊትዘር በኋላ ሌሎች ዕውቅናዎች በተከታታይ መጥተዋል። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 2022 በዋሽንግተን የኬኔዲ ማዕከል ክብርን ከተዋናይ ጆርጅ ክሉኒ፣ ከድምፃውያኑ ግላዲስ ናይትና ኤሚ ግራንት፣ እንዲሁም ከአየርላንዱ ዩ ቱ የሙዚቃ ቡድን ጋር ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ ከመስከረም 2023 ጀምሮ ለሁለት የሙዚቃ ወቅቶች የለንደን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ቋሚ የሙዚቃ ደራሲ ሆነው የሠሩ ሲሆን፣ ከሥራው ጋር የተያያዘው አንዱ ኃላፊነት ወጣት ደራሲያንን ማማከር ነበር። ኦርኬስትራው በ2024 ያቀረበላቸው አዲስ ሥራ "ራይሴስ" ይባላል። ቃሉ በስፓኒሽ ቋንቋ ሥሮች ማለት ነው።